ጨዋታ በምሕንድስና ትምህርት፦ ግድብን በገበጣ ሰሌዳ ስለ ማስተማር



በዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ሲባል የዕረፍት ሰዓት ነገር እንጂ የምሕንድስና ትምህርት አካል መስሎ አይታይም። ይሁን እንጂ በመቀሌ ለሚማር የውሃ መሐንዲስ ጨዋታ በሚገባ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም የዛሬ ውሳኔ ከዓመታት በኋላ የሚያስከትለው ውጤት ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በትግራይ በ10 ዓመት ውስጥ 500 ያህል አነስተኛ ግድቦችን ለመሥራት ታቅዶ ነበር። የተሠሩት ከዕቅዱ እጅግ ያነሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በደለል በመሞላትና ውሃ በማስረግ ከታሰበላቸው በታች አገልግለዋል። ተማሪው የደለልን መጠን ማስላት በአንድ ሴሚስተር ይማራል፤ ግድቡ ሲሞላ ለማየት ግን ብዙ ዓመታት መጠበቅ አለበት። ጨዋታ ይህን ዘመን በአንድ ሰዓት ያሳጥረዋል።

ለዚህ የሚሆን ሰሌዳ ከሩቅ አይፈለግም፤ ገበጣ አለ። ጉድጓዶቹ የግድቡ ማጠራቀሚያ፣ የባቄላው ፍሬ ውሃ፣ ጠጠሩም ደለል ይሁን። በእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ መሐንዲሱ፣ የላይኛው መንደርና የታችኛው መንደር። የየክረምቱ ዝናብ በዕጣ ይወሰናል፤ ከፍሬው ጋርም ጠጠር ይገባል። ፍሬው ለመስኖ ይወጣል፤ ጠጠሩ ግን በዚያው ይቀራል። የታችኛው መንደር ከምርቱ ለላይኛው ካላካፈለ እርከን አይሠራም፤ እርከን ካልተሠራም ጠጠሩ እየበዛ ውሃውን ቦታ ያሳጣዋል። አሸናፊው የ10 ክረምት ድምር ምርቱ የበለጠው ቡድን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መስኖን ብቻ ያስፋፋው ቡድን ይቀድማል፤ በመጨረሻ ግን የሚያጠጣው ውሃ ያጣል።

የአዘጋጁ ዋና ጥንቃቄ ሕጉ ራሱ ትምህርቱ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለጥያቄና መልስ ነጥብ መስጠት ስሙ የተለወጠ ፈተና እንጂ ጨዋታ አይደለም። በተሳሳተ ምሕንድስና ማሸነፍ የሚቻልበት ጨዋታ ደግሞ ስሕተትን ያስለምዳል። ስለዚህ አዘጋጁ የፍሬውንና የጠጠሩን መጠን ከመወሰኑ በፊት በብልጣብልጥነት ለማሸነፍ ደጋግሞ ሊሞክር ይገባዋል።

ተመሳሳይ ሙከራ በአህጉራችን ታይቷል። በታንዛንያ በኡሳንጉ ሜዳ የተሞከረው የወንዝ ተፋሰስ ጨዋታ በተዳፋት ሰሌዳ ላይ ብይ በማንከባለል፣ የላይኛው ተጠቃሚ ለታችኛው የሚያስቀርለትን ውሃ ለገበሬዎች በዓይን አሳይቷል።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታ ስሌትን አይተካም። ሰሌዳው ከተነሣ በኋላ ተማሪው የአንድ እውነተኛ ግድብ ልኬት ይዞ ያየውን በቀመር ማረጋገጥ አለበት። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ትምህርት ለተስተጓጎለባት መቀሌ ደግሞ የዘዴው ርካሽነት ቀላል ጥቅም አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰሌዳና ጥቂት እፍኝ ባቄላ ነውና።

ግድቡ በተማሪው ሰሌዳ ላይ በደለል ቢሞላ የሚጠፋው ባቄላ ነው፤ በገበሬው ማሳ ራስጌ ሲሞላ ግን የሚጠፋው የቤተሰብ ቀለብ ነው።