የእንግሊዝ መቀነት
እንግሊዝ ውስጥ «ግሪን ቤልት» (አረንጓዴ መቀነት) የሚባል፣ ከተሞች እየሰፉ እርስ በርስ እንዳይገጥሙ ግንባታ የተገደበበት መሬት አለ። ከአገሪቱ 12.5 በመቶ ገደማ ይይዛል። ሕዝቡ ይሳሳለታል፤ ቤት ይሠራበት ሲባል ብዙው «አይነካም!» ባይ ነው።

የሚገርመው፣ መሬቱ የተከለለው ለውበቱ አይደለም። አብዛኛው እርሻ ነው፤ የጎልፍ ሜዳም ሞልቶበታል፣ አንዳንዱ ያውም ለአባላት ብቻ። ደግሞ አጥብቆ የሚሟገትለት በአብዛኛው ቤት ያለው ሰው ነው። ኪራይ ያንገሸገሸው ወጣት ለዘብ ይላል፤ አይፈረድበትም።

መንግሥት በፈረንጆቹ 2024 ማብቂያ «ግሬይ ቤልት» (ግራጫ መቀነት) የሚል፣ ግንባታ የሚቀልበት ምድብ አወጣ፦ ከግሪን ቤልቱ ውስጥ ቀድሞ የተገነባበት፣ ወይም የከተሞችን መስፋትና መገጣጠም በመከላከል ረገድ ጉልህ ሚና የሌለው መሬት። አሁን ጭቅጭቁ የማን ሰፈር ሜዳ «ግራጫ» ይባል የሚለው ላይ ነው።