ከመሰብሰብ በፊት መፈላለግ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




ትምህርት ቤታችን በዓሉን ሲያከብር እኛን አረጋውያኑን አስታውሶ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ፈቀደልን እናመሰግናለን። እኛም እንደ እናንተ በእነዚህ ክፍሎች ተቀምጠን ከተማርን በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፈን፣ በ1966 ዓ.ም. ያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ወደ ነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባን። ዛሬ ሁላችንም ጡረተኞች ነን። ከጥቂት ወራት በኋላም አብረውን ከተማሩት ጋር በስድስት ኪሎ ለመሰብሰብ አስበናል። ዛሬ ልንነግራችሁ የወደድነው ግን ስለ ስብሰባው ግብዣ ሳይሆን ከእርሱ በፊት ስላለው ሥራ፣ ይኸውም ስለ መፈላለግ ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደ ተበተንን እንንገራችሁ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ ተቋርጦ ወደየገጠሩ ተሰማራን። ቀጥሎም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከመካከላችን የተገደሉ፣ የታሰሩ፣ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሰደዱም አሉ። በአንድ ጠረጴዛ ይበሉ የነበሩ ጓደኞች አንዱ ኢሕአፓ፣ ሌላው መኢሶን ሆነው ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። የቀረነው በየመሥሪያ ቤቱ ገባን። በአገራችን ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለ ሆነ፣ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ሲለቅ አድራሻውም እዚያው ይቀር ነበር። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥሮች ሲለወጡ ደግሞ በማስታወሻ ደብተራችን የነበሩት ባለ 6 አኃዝ ቁጥሮች ሁሉ የማይሠሩ ሆኑ።

ታዲያ በምን ተገናኘን ብትሉ በስም ነው። በአገራችን ሴት ልጅ ባል ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጻፈ የክፍል ስም ዝርዝር ሴቱንም ወንዱንም ለመፈለግ ያገለግላል። ችግሩ የስም መመሳሰል ነው። ተስፋዬ ከበደ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ እንኳ ስንት ይገኛል! የአያቱ ስምና የትውልድ አገሩ ካልተጨመረ ፍለጋው ከንቱ ድካም ነው። የመዝገብ ስሙ ከሁላችን አእምሮ ጠፍቶ በቅጽል ስሙ ብቻ ያገኘነውም አለ።

ሰው ከተገኘ በኋላ ደግሞ እንደገና እንዳይጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቴሌግራም ቡድን አለን። ሆኖም ዓይኑ የደከመ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ስላለ፣ እያንዳንዳችን አምስት አምስት ሰው ተከፋፍለን በየወሩ በድምፅ እንጠያየቃለን። ዋሽንግተን ላሉት የምንደውለው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ይሆናል። ስብሰባው የሚደረግበትንም ቀን በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፈን ልከናል።

«አልመጣም» የሚልም አይጠፋም። አንዱ ጡረታው ለቤት ኪራይ እንኳ ስለማይበቃው በጓደኞቹ ፊት መታየት ያፍራል። ስለዚህ መዋጮው እንደ አቅም ሆኗል፤ ማን ስንት እንደ ሰጠም ከገንዘብ ያዡ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌላው የዚያ ዘመን ቂም አልወጣለትም። እርሱን «ታረቅ» ብለን አናስጨንቀውም፤ በየወሩ ስንደውል ስልኩን ካነሣልን ለጊዜው ይበቃናል።

ከሁሉ የሚከብደው የመርዶ ነገር ነው። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሐዘንተኛው ቤት ድረስ ሄዶ ነው። በእኛ ዕድሜ ደግሞ ሞት አዘውትሮ ይጎበኘናል። በባዕድ አገር ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ የልብ ጓደኛውን ሞት በእጅ ስልኩ ላይ እንዲያነብ አንፈልግም። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያርፍ በቡድኑ ከመጻፋችን በፊት ለሟቹ ቅርብ የነበሩት እነማን እንደ ሆኑ እንመለከታለን። ቀጥሎም በአቅራቢያቸው ለሚኖር ልጅ ወይም ወዳጅ ደውለን ቤታቸው ሄዶ እንዲያረዳቸው እንለምናለን። ይህን ለማድረግ ግን እያንዳንዱ የት እንደሚኖር፣ ከማንም ጋር እንደሚኖር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በየወሩ የምንደዋወለው ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በስብሰባችንም ቀን ከምሳው በፊት የክፍሉ ስም ዝርዝር ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። በሕይወት ያለው «አቤት» ይላል። የሞተው ስም ሲጠራ ከእርሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተነሥቶ ይቆማል። ወዴት እንደ ደረሰ ያላወቅነውም ስሙ ከዝርዝሩ አይሰረዝም፤ ፍለጋው ይቀጥላል።

ውድ ተማሪዎች፤ እናንተ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ የማይጠፋ፣ ቁጥሩም የማይለወጥ ይመስላችሁ ይሆናል። ከእኛ ምክር ትቀበሉ እንደ ሆነ ግን፣ ከመለያየታችሁ በፊት የክፍላችሁን ልጆች ስም እስከ አያት፣ ከትውልድ አገርና ከቅጽል ስም ጋር በወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ ሌላውን ከመካከላችሁ ነገር የማይረሳ አንድ ሰው ያስቀምጥ። ከተጣላችሁትም ልጅ ስም ጀምራችሁ ጻፉ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማንን እንደምትናፍቁ ዛሬ ልታውቁ አትችሉምና።

 ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ለፍሬም ያብቃችሁ።