ከጎንዎ የቆመው ማን ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሃይማኖቱን አጥባቂ የሆነ ወጣት የሌላ ብሔር ሰው መቀበል ይቀለዋል ወይስ ይከብደዋል? መልሱ «እንደ አያያዙ» ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት ከማይክል ሮስ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ምእመናንን እንደ እምነት አያያዛቸው ለየ። አንዱ እምነቱን ይኖረዋል፤ ሌላው ለክብርና ለጥቅም ይገለገልበታል። በዘር የመናቅ ዝንባሌ ከመጀመሪያው ይልቅ የበረታው በሁለተኛው ዘንድ ነበር።

(ድምፅ፦ የብዙ ሰው እርምጃና ጉርምርምታ)

አሁን ወደ ፓኪስታን። መንግሥት የሐጅ ጉዞን በዕጣ ያድል ነበር። ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ከ1,600 በላይ አመልካቾችን አነጋገሩ። የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን የለየው ዕድል ብቻ ስለሆነ ንጽጽሩ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ሐጅ አድርገው የተመለሱት በእምነታቸው ጠንክረዋል፤ ለሌሎች ብሔረሰቦችም ልባቸው ሰፍቷል። ከሩቅ አገር ከመጣ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰግደዋላ!

(ድምፅ፦ የግቢ ጫጫታ)

ተጓዦቹ ሁሉም ወጣቶች አልነበሩም፤ ነገሩ ግን ለዩኒቨርሲቲ ግቢዎቻችን ሩቅ አይደለም። ከጎጃም፣ ከወለጋና ከወላይታ የመጡ ተማሪዎች በግቢ ጉባኤው፣ በጀመዓው ወይም በፌሎሺፑ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ድልድይ ነው። ሌላ እምነት ያለውን የዶርም ጓደኛ ግን ማዶ ሊያስቀረው ይችላል።

ፈተናው ከጸሎት በኋላ ነው፦ ካፌ ሲገቡ ትሪዎን ከማን አጠገብ ያስቀምጣሉ?

(ሙዚቃ ከፍ ይላል)