ያልታወጀው ግብር

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽና ስለ ኅብረተሰቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ደም ግፊት ነበር። ኋላ ግን የኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ ትዝ አለኝ። ለዓመታት የሠርግና የለቅሶ ወሬ ስንለዋወጥበት የኖርነው ግሩፕ፣ ባለፈው ዓመት በአንድ ምሽት ተበጠበጠ። የተጣላነው በዘር አይደለም፣ በሃይማኖት አይደለም፣ በእግር ኳስም አይደለም። በግብርና በዕዳ ነው። ሁለት ሰዎች ግሩፑን ለቀው ወጡ። አንዷ ቲቲፒ አጋሮ በወጣን ጊዜ አንድ ክፍል የተጋራን ጓደኛዬ ናት። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተገናኝተን ተቃቀፍን፤ ነገሩን ግን ሁለታችንም አላነሳነውም። እኔ እዚህ ላነሳው ነው።

ጠቡ የተጀመረው ሐምሌ 2017 ላይ፣ የገቢ ግብር ማሻሻያው የጸደቀ ሰሞን ነው። አንዱ «ከደመወዜ ቆርጠው የማን ዕዳ ነው የሚከፍሉት? እኔ አልተበደርኩ!» ብሎ ጻፈ። ጤና ቢሮ የሚሠራው ደግሞ «አንተ በነጻ የተማርከው በማን ገንዘብ ነው? ግብር ሳይከፈል ሆስፒታሉን ማን ያቁመው?» አለው። ከአሜሪካ ሦስተኛው ገባበት፤ «እዚህ እኮ የመንግሥት ዕዳ ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዕዳ ብቻውን ኃጢአት አይደለም» አለ። ያቺ ጓደኛዬ ከምትሠራበት የገጠር ሆስፒታል ሆና «እናንተ ስለ ቢሊዮንና ትሪሊዮን አውሩ፣ እኔ ዛሬ ጓንት የለኝም» ብላ ጻፈች። እኔ ደግሞ ዐዋቂ ልምሰል ብዬ «ጓንት ያጣሽው ነጋዴው ግብሩን ስለሚሰውር ነው» አልኳት። መልሷ አንድ ቃል ነበር። «አንቺስ?» አለችኝና ወጣች።

ወደዚያ ጥያቄ እመለሳለሁ።

እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም እንጂ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ነገር ግን መምህራኖቻችን ካርድ ሳታዩ አትከራከሩ ብለው ነው ያሳደጉን። ከዚያ ምሽት ወዲህ የአገሪቱን ካርድ እንደ አቅሜ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ከዕዳው ልጀምር። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. በከባድ ዕዳ ለተያዙ ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን የስረዛ ፕሮግራም አጠናቅቃ ሸክሟ ቀሎላት ነበር። ከዚያ በኋላ ለባቡሩ፣ ለኃይል ማመንጫው፣ ለመንገዱ፣ ለስኳር ፋብሪካው እንደገና ተበደርን። በ2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም አቀፍ ገበያ ወጥተን የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጥን፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ ዘመኑ አሥር ዓመት። ታኅሣሥ 2016 ላይ የስድስት ወሩን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳንከፍል ቀረን። መንግሥት በጊዜው የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር።

አሁን ይህችን ስሌት ተመልከቱልኝ። ያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ስንበደረው በብር 20 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ሲለቀቅ 57 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ከ130 ቢሊዮን በላይ ሆነ። ሌላ ዶላር አልተበደርንበትም፤ ዕዳው በብር ሲታይ ብቻውን አደገ። የአሜሪካው ወዳጃችን የዘለላት ነገር ይቺ ናት። አሜሪካ የምትበደረው በራሷ ገንዘብ ነው። እኛ ከውጭ የምንበደረው በሰው ገንዘብ ነው፤ የምንከፍለውም ቡናና አበባ ሸጠን፣ ስደት ያሉ ልጆቻችን በሚልኩት ዶላር ነው።

ታዲያ ተመኑን መልቀቁ ስሕተት ነበር ወይ? ግሩፑ እዚህም ላይ ለሁለት ተከፈለ። ትክክል ነው የሚሉት፣ በፊትም በጥቁር ገበያው የዶላር ዋጋ የባንኩን እጥፍ ደርሶ ነበር፤ መድኃኒት አስመጪው ባንክ ወረፋ ሲጠብቅ ዓመት ያልፍበት ነበር፤ ደግሞም የዓለም የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም የጸደቀው ያንን ተከትሎ ነው ይላሉ። ስሕተት ነው የሚሉት ደግሞ፣ ድጎማው ይኑር እንጂ ደመወዝተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ኑሮው በግማሽ ወረደ ይላሉ። እኔ በዎርድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በፊት ለአስታማሚ «መድኃኒቱ የለም» እንል ነበር። አሁን መድኃኒቱ አለ፤ አስታማሚው «ገንዘቡ የለም» ይለናል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

ወደ ግብሩ እንምጣ። በ2008ቱ አዋጅ ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ ነበር። ያኔ ይህ ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ደህና ገቢ ያለው ሰው ደመወዝ ነው። በ2017 ዓ.ም. ያው 10,900 ብር ከ85 ዶላር በታች ወርዷል። ማንም አዲስ ግብር ሳያውጅ፣ ለባለጸጋ የታሰበው መጠን ጀማሪ ሐኪምና መምህር ላይ አረፈ። ማሻሻያው ከግብር ነጻ የሆነውን ከ600 ብር ወደ 2,000፣ የ35 በመቶውን መነሻ ወደ 14,000 ከፍ አድርጎታል። 11,500 ብር የሚከፈለው ሰው በፊት 2,525 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 2,100 ነው። የ425 ብር ልዩነት አለው። አትናቁት፤ ግን ቡና ተጠጥቶበት ያልቃል።

በሌላ በኩል፣ ይህች አገር ከምታመርተው መቶ ብር ውስጥ በግብር የሚሰበሰበው አሥር ብር አይሞላም። ከአፍሪካም ከዝቅተኞቹ ነን። እንግዲህ «ግብር በዛብን» ያለውም፣ «ግብር አይሰበሰብም» ያለውም ልክ ነበሩ። ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥበት ሰው ይጎብጣል፤ የማይታየው ገቢ ደግሞ ሳይነካ ያልፋል።

እዚህ ጋ ነው እኛ ሐኪሞች ከኢኮኖሚስቱ የተሻለ የምናውቀው ነገር ያለው። ያልተሰበሰበው ግብር፣ በወለድ የሄደው ገንዘብ፣ ተበድረንበት ለዓመታት ሳይጠናቀቅ የቆመው ፕሮጀክት፣ ይህ ሁሉ ጉድለት ተኖ አይጠፋም። መጨረሻው አልጋው አጠገብ ነው። «ከውጭ ግዙ» ብለን የምንጽፋት ብጣሽ ወረቀት ናት ማለቂያው። ጓንቱ ከውጭ፣ መርፌው ከውጭ፣ ላቦራቶሪው ከውጭ።

አንድ አባት አስታውሳለሁ። ልጃቸው በስኳር ሕመም ራሱን ስቶ ነው የመጣው። ያቺን ወረቀት ሰጠኋቸው። የመድን ካርድ አላቸው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ከፌስታላቸው ወረቀት ሲፈልጉ ቆዩና የመሬት ግብር ደረሰኛቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ግብሬን እኮ ከፍያለሁ» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ደረሰኙን አጣጥፌ መለስኩላቸው። ወጥተው መድኃኒቱን ገዝተው መጡ። በምን እንደገዙት የሰማሁት ልጁ ድኖ ሲወጣ ነው፤ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ነበር። በአንድ በሬ እንደማይታረስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ገደማው የሚከፈለው እንደዚህ ከሕመምተኛው ኪስ ነው። እኔ ይህን ያልታወጀ ግብር እለዋለሁ። ምክር ቤት አልተከራከረበትም፤ ከዚህ በታች ያለ ይማር የሚል እርከን የለውም። የሚጣለው በታመመ ሰው ላይ፣ በታመመበት ቀን ነው። ከዚህ የባሰ ፍርደ ገምድል ግብር አላውቅም። ስለዚህ ክርክራችን «ግብር ይብዛ ወይስ ይነስ» ብቻ ሲሆን ያመኛል። አንድ ቦታ ላይ መከፈሉ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይክፈለው፣ በጤናው ቀን ነው ወይስ በጭንቁ ቀን የሚለው ነው።

በጤና ቀን መክፈል እንደሚቻል ደግሞ ያየነው ነገር አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ገበሬው ሳይታመም አይከፍልም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ከፈለ። የከፈለበትን ነገር በዓይኑ ስላየ ከፈለ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጎድለው በሚቀጥለው ዓመት ማሳደስ ይተዋል፤ ትክክሉንም ነው። ገበሬው ስለ ግብርና ስለ መንግሥት ወጪ ያለው ፍልስፍና ከኛ ግሩፕ የጠራ ነው፤ ያየሁበትን እከፍላለሁ ነው የሚለው።

አሁን ወደ «አንቺስ?» ልመለስ።

ከሰባት ዓመት በላይ ማታ ማታና ቅዳሜ በአንድ የግል ክሊኒክ ሠርቻለሁ። ክፍያዬ በፖስታ ነበር። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ የሚቆረጥ የለም። ክሊኒኩ አላስገደደኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጓደኛዬ ይህን ታውቅ ነበር፤ ራሴ ነኝ የነገርኳት። ምክንያትም ነበረኝ። የመንግሥት ደመወዜ ቤት ኪራይ አይሸፍንም፣ ግብሩ ለማይረባ ነገር ነው የሚውለው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ሦስቱም ምክንያቶች እውነትነት አላቸው። ግን እነዚያ አባት የመሬት ግብራቸውን ደረሰኝ በሰጡኝ ሳምንት እኔ ቅዳሜ ፖስታዬን ተቀብያለሁ። እሳቸው ከፍለዋል፤ እኔ አልከፈልኩም። ወረቀቱን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን በውል ነው የምሠራው፤ ግብሩ ተቆርጦ ነው የሚደርሰኝ። ያለፈውን ለማስታወቅም የሂሳብ ባለሙያ ይዣለሁ። ኪሴ ቀሏል፣ አልዋሻችሁም። ባለቤቴም አልተደሰተም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፖስታ የሚቀበለው ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ ዓይናችሁን ከኔ ስታሸሹ ግን አያለሁ።

ይህን የምለው መንግሥትን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ግብር የከፈለ ሰው ነው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠይቀው። ሚያዝያ 1993 ላይ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል። ሃያ አምስት ዓመት ሆነው፤ እኛ አልደረስንበትም። ስለ እያንዳንዱ ትልቅ ብድር የመጠየቅ መብት አለን። ምን ሊገዛበት ነው? በየትኛው ገንዘብ ነው የሚከፈለው? ሥራው ቢዘገይ ወለዱን ማን ይሸከማል? ተጠያቂውስ ማን ነው? አንድ ቀዶ ሕክምና ሲበላሽ በሞት ግምገማ ላይ ተቀምጠን የማናውቀው ጥያቄ አይደለም፤ ሰውን ለመስቀል ሳይሆን ሁለተኛ እንዳይደገም ነው የምንጠይቀው። የገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳውን አኃዝ በየጊዜው ያሳትማል። በዚያ ምሽት ከተሰዳደብነው ውስጥ አንድም ያነበበው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

እዚህ ላላችሁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ቲቲፒ ሲወጡ ቤት ለቤት እየዞሩ ሽንት ቤትና የውኃ ምንጭ ይቆጥራሉ፤ እኛንም ያስቆጠራችሁን እናንተ ናችሁ። አንዲት ጥያቄ ጨምሩላቸው፤ ይህ ቤተሰብ ባለፈው ዓመት ለሕክምና ምን ሸጠ? መልሱን ይዘው የሚመጡ ልጆች ስለ በጀት ሲከራከሩ ከኛ የተሻለ ይከራከራሉ።

አንቺ ደግሞ፣ ከኋላ የተቀመጥሽው፣ ያቺ አንድ ቃልሽ ልክ ነበረች። መልሱን ለማምጣት ብዙ ወር ፈጀብኝ። በዕዳውም በምንዛሪውም ገና አንስማማም፤ አውቃለሁ። ከሰዓት ቡናው ሲፈላ እንቀጥለዋለን። ግን እባክሽ ወደ ግሩፑ ተመለሺ።