መሪው ሲከብድ፦ የሞተር ጀልባን የመሪ ብልሽት ስለ መለየትና ስለ መጠገን



በጣና ሐይቅ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መሪ አያሻውም። እጁ መቅዘፊያውን፣ መቅዘፊያውም ውኃውን ይነካልና ስሕተቱ ወዲያው ይሰማዋል። ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት በሚያደርሰው የሞተር ጀልባ ላይ ግን በነጂው እጅና በውኃው መካከል ብዙ አካላት ተደርድረዋል፦ መሪው፣ ከሥሩ ያለው የማርሽ ቤት፣ ኬብሉ፣ በኬብሉ ጫፍ ያለው ዘንግ፣ ዘንጉ የሚመላለስበት ቱቦ፣ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ በመጨረሻም ሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ መሪው ሲከብድ ከእነዚህ ሁሉ ጥፋተኛው የትኛው ነው?

አንድ የጀልባ ባለቤት መሪው ስለ ከበዳቸው ኬብሉን አስለወጡ። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነውና ብዙ ገንዘብ ወጣበት። አዲሱ ኬብል ከገባ በኋላም መሪው እንደ ከበደ ቀረ። ጥፋቱ የነበረው ከሞተሩ ምሰሶ ነው፤ ለዓመታት ሳይታደስ የቆየው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞት ነበር። ባለቤቱን ያከሰራቸው ሳይመረምሩ መለወጥ ነው።

ስለዚህ ምርመራው መከፋፈልን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጀልባው ይታሰር፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉም ይነቀል። ከዚያም ክንዱ ከሞተሩ ይፈታና ሞተሩ በእጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋ። ሞተሩ ከከበደ ችግሩ ከምሰሶው ነው፤ አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ በግራሶ መቀበያው አዲስ ይሞላል። አልገባ ካለ መተላለፊያው ተደፍኗልና ምሰሶው መፈታት አለበት።

ሞተሩ ቀሎ መሪው ከከበደ ደግሞ ዘንጉን ከቱቦው አውጥተን መሪውን እናዙር። አሁን ከቀለለ ጥፋተኛው ቱቦው ነው፤ ውስጡ በብሩሽ ይጸዳል፣ ዘንጉ ይወለወላል፣ ውኃን የሚቋቋም ግራሶም ይቀባል። አሁንም ከከበደ ኬብሉ ከማርሽ ቤቱ ይለይ። ማርሽ ቤቱ ብቻውን በቀላሉ ከዞረ ኬብሉ ከውስጥ ዝጓል ማለት ነው፤ የዛገ ኬብል ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። ማርሽ ቤቱ ለብቻውም ከከበደ ችግሩ እዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቱቦው መቀበያ ካለው፣ ግራሶ ከመሙላታችን በፊት ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ወደ ቱቦው መግባት አለበት። ተዘርግቶ ሳለ ከሞላነው ግራሶው መውጫ አጥቶ ዘንጉን ሊቆልፈው ይችላል፤ ለማለስለስ ያደረግነው ነገር መሪውን ፈጽሞ ያሳጣናል።

መሪው ሳይከብድ ሲላላ፣ ማለትም መሪው እየዞረ ሞተሩ ሲዘገይ፣ የክንዱን ቡሎኖች፣ የማርሽ ቤቱን መበላትና የሞተሩን ማሰሪያ እንመርምር። በዘይት ግፊት በሚሠራ መሪ ላይ እንደ ስፖንጅ የሚል ስሜት ከተሰማን በአብዛኛው ውስጡ አየር ገብቷል። አየሩን ማስወጣት ብቻ ግን አይበቃም፤ ዘይቱ የት እንደሚያፈስ ካልታወቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል።

ጀልባው በፍጥነት ሲሄድ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ እንይ። መሪው ወደ ቀኝ የሚስብ ከሆነ፣ ክንፏ የምትስተካከል ዓይነት ስትሆን፣ የኋላ ጫፏ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከዚያም በውኃ ላይ ይፈተናል። ከዚህ በፊት ግን ጭነቱ ወደ አንድ ወገን አለማድላቱን፣ በጣናም እምቦጭ በሞተሩ እግር ላይ አለመጠምጠሙን ማረጋገጥ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ብረትና ስለ ግራሶ ነው፤ ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የሰው እጅ ነው። መሪ በአንድ ቀን አይከብድም። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሲከብድ እጅም ጥቂት ጥቂት ኃይል ይጨምራል፤ ነጂውም ጤነኛ ጀልባ የሚነዳ ይመስለዋል። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲገፋ፣ ሰዎችም ተሳፍረው ሳለ፣ የተለመደው ኃይል የማይበቃበት ቅጽበት ይመጣል። ያን ጊዜ ነዳጁ ይቀነስ፤ ማርሹ ነፃ ይሁን፤ ተሳፋሪዎች ተቀምጠው የሕይወት ጃኬታቸውን ይልበሱ፤ መልሕቅም ይጣል። ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ ነውና መልሕቅ ብዙ ያግዛል። መቅዘፊያም ከጀልባው አይለይ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በየጊዜው ክንዱን ፈትቶ ሞተሩን በእጅ መግፋት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የለመደውን እጅ የሚያርመውም ይህ ፈተና ብቻ ነው። መሐንዲስነትም ከዚህ ይጀምራል፤ ስሜታችን ደኅና ነው ያለውን ነገር ለይቶ ከመመርመር።