የአዝራር ዘውድ፦ የቆየ የደንብ ልብስ አዝራርን በምልክቱ ስለ መለየት

የዚህ ዲስኩር ዓላማ የቆየ የደንብ ልብስ አዝራር፣ በተለምዶ የልብስ ቁልፍ የሚባለው፣ የየትኛው ሠራዊትና የየትኛው ዘመን እንደ ነበረ በላዩ ካሉት ምልክቶች እንዴት እንደሚታወቅ ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የተመረጠው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች አዝራር ነው፤ ምልክቶቹ ጥቂት ሲሆኑ የተለወጡባቸው ዓመታት ግን በሚገባ ይታወቃሉና።

እ.ኤ.አ. በ1787 የወጣው አዝራር ገመድ የተጠመጠመበት መልሕቅ ነበረው፤ በ1812 ከመልሕቁ በላይ ዘውድ ተጨመረ። መልሕቅ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የንግድ መርከብ ድርጅቶችም ለሠራተኞቻቸው ይጠቀሙበት ነበር።

ከሁሉ የሚናገረው ዘውዱ ነው። ኤድዋርድ 7ኛ በ1901 ሲነግሥ የተመረጠው «የቱዶር ዘውድ» የሚባለው ሲሆን፣ ቅስቶቹ፣ ማለትም ከዘውዱ ጠርዝ ተነሥተው አናቱ ላይ የሚገናኙት ዘንጎች፣ ወደ ላይ ክብ ሆነው ይወጣሉ። በ1952 የነገሠችው ኤልሳቤጥ 2ኛ የመረጠችው «የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ» ግን ቅስቶቹ መካከል ላይ ወደ ታች ይሰረጉዳሉ፤ ቻርልስ 3ኛ በ2022 ወደ ቱዶሩ ተመልሷል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ናስ ላይ አንዲት ስርጉድ የንጉሥን ዘመን ከንግሥት ዘመን ትለያለች ማለት ነው፤ ሆኖም ቀድሞ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመንም የተሰረጎዱ ቅስቶች ስለ ታዩ ችኮላ ያሳስታል። ደግሞም የተረፈ አዝራር ከመጋዘን እየወጣ ይሰፋ ስለ ነበር፣ ዘውዱ የሚያስረዳው አዝራሩ ከመቼ ወዲህ እንደ ተሠራ እንጂ እስከ መቼ እንደ ተለበሰ አይደለም።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ታዳሚ እንግዳ አይሆንም። የዘውዱ ሥርዓት ሲወድቅ የይሁዳ አንበሳም ዘውዱን ተነጥቋል፣ የበትሩ መስቀልም በጦር ጫፍ ተተክቷል፤ እንዲህ ያለው አርማ ያረፈበት ዕቃ ሁሉ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሌላው መንገድ ቁጥር ነው። የፈረንሳይ እግረኛ ጦር አዝራር የሬጅመንቱን ቁጥር ይይዝ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሊትዌንያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ የናፖሊዮን ወታደሮች የጅምላ መቃብር ሲገኝ፣ ከ1812ቱ የሩሲያ ሽሽት የተረፉትና እዚያ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ ያለቁት ሰዎች ከየትኞቹ ክፍሎች እንደ ነበሩ ለማወቅ አዝራሮቹ ረድተዋል።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል፦ በአሜሪካ አዝራር ላይ በንስሩ ጋሻ ውስጥ ያለችው ፊደል እግረኛን ከፈረሰኛና ከመድፈኛ ትለያለች፤ በጀርባ የተቀረጸው የሠሪው ስምና አድራሻም ዘመኑን ያጠብባል።

ከአያት ካፖርት የወደቀ አዝራር በእጁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለመናል፦ ምልክቱን በወረቀት ሳይገለብጥ፣ ጀርባውንም ሳያነብ፣ እንዲያበራ ብሎ በአመድም ሆነ በመወልወያ አይፈግፍገው።