ጉባኤን የሚያጸናው ምንድን ነው?



በከተማ የምትተከል ቤተ ክርስቲያን ሰውን መሰብሰብ አያዳግታትም፤ የተሰበሰበውን ማጽናት ግን ያዳግታታል። የከተማ ሰው ከየአገሩ የመጣ፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያድር ነውና። ጉባኤን የሚያጸናው ምን እንደ ሆነ ከዑጋንዳ ዋና ከተማ ከካምፓላ፣ በኋላም ካትዌ ከሚባለው ሰፈርዋ ምሳሌ ላመጣ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን በ1877፣ የፈረንሳይ ካቶሊካውያን ካህናት በ1879 ወደ ቡጋንዳ ንጉሥ ወደ ሙቴሳ ደረሱ። አዲሶቹን አማኞች አገሬው «አባሶሚ» አላቸው፤ ይኸውም አንባቦች ማለት ነው። ማመንና ንባብ መማር አንድ ሆነው ነበርና። ካቶሊካውያኑ ካህናት በ1882 አገሩን ለቀው ከሐይቁ ወደ ደቡብ ሄዱ። በ1885 ሲመለሱ ግን መንጋው በዝቶ እንጂ ተበትኖ አላገኙትም፤ ዮሴፍ ሙካሳን የመሰሉ አንባቦች የቀሩትን ያስተምሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሙካሳ በንጉሥ ምዋንጋ ትእዛዝ ተገደለ። እስከ 1887 ድረስ ከሁለቱም ወገን ከ40 የሚበልጡ በሰማዕትነት ሞቱ፤ ማኅበሩ ግን አልጠፋም።

ካትዌ የብረት ሠራተኞችና የድሆች ሰፈር ነው፤ ዝናም ሲበረታ ጎርፍ ከየቤቱ ይገባል። በ2004 ሮበርት ካቴንዴ የሚባል ወጣት በአንድ የክርስቲያን ድርጅት ሥር ሆኖ የሰፈሩን ልጆች ቼዝ ያስተምር ጀመር፤ አጥሚትም ይሰጣቸው ነበር። ፊዮና ሙቴሲ የምትባለው ልጅ የመጣችው ለአጥሚቱ ነው። የጨዋታውን ሕግ ያሳየቻት ግን በዕድሜ የምታንሳት ሕፃን ናት። ፊዮና በ2012 በኢስታንቡል በተደረገው የቼዝ ኦሊምፒያድ ለአገርዋ ተሰለፈች። እንግዲህ አጥሚቱ አመጣት፤ ያቆያት ግን ትምህርቱ ነው።

በአገራችንም በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ተማሪ ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስጠናል። በከተማም የጽዋ ማኅበር ለመጤው ዘመድ ይሆነዋል፤ አንዱ ማኅበርተኛ ቢታጣ «ምን አገኘው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኛም በመስከረም የመዝገቡ ቁጥር ሲበዛ ደስ ይለናል፤ እስከ ሰኔ የዘለቁት ስንት እንደ ሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። እኔም ዕጩ መምህራንን ሳሠለጥን ክፍል ስለ መምራት ብዙ ነግሬአቸዋለሁ፤ ተማሪ ተማሪን እንዲያስተምር ስለ ማድረግ የነገርኋቸው ግን ጥቂት ነው። ካህናቱ ሦስት ዓመት ሲርቁ ጉባኤው ቆየ። እኛ አንድ ቀን ብንቀር ክፍላችን ይማራልን? ይህን እያንዳንዳችን በየክፍላችን እንድንመረምር በትሕትና እለምናለሁ።